ቃሬዛ ላይ ተኝተው መንገዱን ላሳዩን ለወ/ሮ በለጥሽ ኤርጫፎ

የዓባያ ዳር ነዋሪዎች የኪነ ጥበብና የጤና ማኅበር መሥራቹንና የተውኔት ቡድኑን መሪ ወ/ሮ በለጥሽ ኤርጫፎን በሞት አጥቷል። ወ/ሮ በለጥሽ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አርፈዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ይሁንና እርሳቸውን የሚያውቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ብቻ ሊያነሳቸው አይችልምና ይህ መግለጫ የሐዘናችንን ያህል ኩራታችንንም ይዟል።

ወ/ሮ በለጥሽ ኦቾሎ ተወልደው፣ ትዳር ይዘው ወደ ቆላ በመውረድ በሻፋ ዳር መንደር ኖረዋል። መተዳደሪያቸው በአርባ ምንጭ ከተማ ሲቀላ ገበያ ዓሣ መሸጥ ነበር። በሠርጉም በልቅሶውም ዜማ አውጪ ስለነበሩ ድምፃቸውን የማያውቅ የሐይቁ ዳር ሰው የለም።

ሻፋ ዳር ከከተማው ላይኛው ክፍል፣ ከሼቻ ከፍታ ላይ ቆመው ሲያዩት እጅ ዘርግተው የሚነኩት ይመስላል። እንግዳ መጥቶ ሐይቁን ፎቶ ሲያነሳ መንደሩም አብሮ ይነሳል። ቅርብ መስሎ በመታየቱ ጤና ጣቢያ ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን መንገዱ ረግረጉን ዞሮ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

በ1999 ዓ.ም. ጎረቤታቸው ወ/ሮ ፋንታዬ ምጥ ይዟቸው በቃሬዛ ወደ ከተማ ሲወሰዱ መንገድ ላይ ሕይወታቸው አለፈ። ወ/ሮ በለጥሽ አብረዋቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሁሉ መነሻው ይህ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ዓሣ አጥማጆችን፣ ዓሣ ሻጮችንና ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አሰባስበው የተውኔት ቡድኑን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሥራቸው ለወባ መከላከያ የተሰጠን አጎበር ዓሣ ማጥመጃ ያደረጉ ሰዎችን የሚያሽሟጥጥ ነበር። አጥማጆቹ ተቆጥተው ለአንድ ሰሞን ዓሣ ከለከሏቸው። እርሳቸውም በዚያ ሰሞን ሙዝ እየሸጡ ተውኔቱን ማሳየታቸውን ቀጠሉ። ከተቆጡት መካከል አቶ ዳምጤና አቶ አቡበከር ዛሬ የቡድኑ ዋና ተዋንያን ናቸው።

በ2006 ዓ.ም. «ገና ነው ወይ?» የተባለውን ተውኔት አዘጋጁ። መድረክም ወንበርም የሌለው፣ ርዝመቱ የመንገዱ ርዝመት የሆነ ተውኔት ነው። የተጋበዙት የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ቁጭ ብለው ሊያዩ ነበር የመጡት። ታማሚዋ በቃሬዛ ተነሥታ ከሻፋ ዳር ወደ ከተማ ጉዞ ሲጀመር ግን ከመከተል ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። የተመልካቹ ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ «ገና ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቃሬዛውን ይቀበላል።

የታማሚዋን ሚና ወ/ሮ በለጥሽ ለቀጫጭን ወጣቶች ሰጥተው አያውቁም። ደልደል ያሉ ሴት ነበሩና ራሳቸው ተኙበት። ለምን ሲባሉ «ምጥ የያዛት ሴት ላባ አይደለችም፤ ትከሻቸው ይወቀው» ይሉ ነበር። ወንዙ ጋ ሳይደርሱ ከኃላፊዎቹ አብዛኞቹ ጠይቀዋል፤ ተሸክመዋልም። ጫማቸውን ጭቃ ያስቀረባቸውም ነበሩ። ከተማ ሲገቡ ወ/ሮ በለጥሽ ከቃሬዛው ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ተሸካሚዎቻቸውን አንድ በአንድ አመሰገኑ። ከዚያም «እኔ ተነሣሁ፤ ፋንታዬ ግን አልተነሣችም» አሉ። በዚያ ቀን ሌላ ንግግር አልተደረገም።

በ2009 ዓ.ም. ማዋለጃ ክፍል ያለው ጤና ጣቢያ በሻፋ ዳር ተከፈተ። የመንደሩ እናቶች ዛሬ የሚወልዱት እዚያ ነው። ማኅበሩ ይህን ብቻዬን አደረግሁ አይልም። ያለ ወ/ሮ በለጥሽም ይሆን ነበር ከሚል ሰው ጋር ግን አይስማማም።

በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መሰባሰብን ሲከለክል ቡድኑን ጀልባ ላይ አሳፍረው በየመንደሩ ዳርቻ እየዞሩ፣ በድምፅ ማጉያ በጋሞኛና በአማርኛ እያዜሙ ስለ እጅ መታጠብ አስተምረዋል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ዶሻ መንደር አዙረዋል። ዶሻ ከሻፋ ዳር አልፎ ያለ፣ ዛሬም ሕመምተኛውን በቃሬዛ የሚያመላልስ መንደር ነው። በወ/ሮ በለጥሽ አዘጋጅነት ኅዳር 20 ቀን ከዶሻ ተነሥቶ እንዲታይ ቀን የተቆረጠለት ተውኔት አይሰረዝም፤ ይህ የራሳቸው አደራ ነው። ግብዣ የደረሳቸው ኃላፊዎች በሙሉ ለመንገድ የሚሆን ጫማ አድርገው እንዲመጡ በአክብሮት እናሳስባለን። ስለ ክብደት ያወጡት ደንብም የጸና ስለሆነ ቃሬዛው ላይ የሚተኙት ከመካከላችን በክብደት ተወዳዳሪ የሌላቸው ሰብሳቢያችን አቶ ደበሌ ናቸው።

ለባለቤታቸው ለአቶ ኦይታ፣ ለልጆቻቸው ለልክነሽና ለአሸናፊ፣ አብረዋቸው ለሠሩ የቡድኑ አባላት፣ ድምፃቸው ለሚናፍቀው የሐይቁ ዳር ሕዝብ ሁሉ ማኅበሩ መጽናናትን ይመኛል። ሐዘኑ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ እኛም አብረን ተቀምጠናል። ሥርዓተ ቀብራቸው ኅዳር 13 ቀን በሻፋ ዳር ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። አስከሬናቸውን የሚሸከሙት፣ ቤተሰቡ ስለፈቀደልን፣ ክብደታቸውን ለዓመታት የለመዱት አቶ ዳምጤ፣ አቶ አቡበከርና የቡድኑ ጓደኞቻቸው ናቸው።

በመጨረሻም ማኅበሩ ሕዝቡ እንዲያውቀው የሚፈልገው አንድ ነገር አለ። ባለፈው ጥቅምት ሕመሙ ሲነሣባቸው ቤተሰቡ ደንግጦ ቃሬዛውን ከማኅበሩ ቢሮ ሊያስመጣ ነበር። ወ/ሮ በለጥሽ እምቢ አሉ። ነጠላቸውን ለብሰው፣ የልጃቸውን ክንድ ይዘው፣ ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ጤና ጣቢያ በእግራቸው ሄደው ገቡ። «ገና ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

የዓባያ ዳር ነዋሪዎች የኪነ ጥበብና የጤና ማኅበር
አርባ ምንጭ