ከአልጋዬ ጀርባ ያለችው ክፍል

ሰኞ
ሠራ። ሥዕል አወጣ። ኮርኒሱ ሲያፈስ ልጠግን ወጥቼ ያገኘሁት የድሮ ኮምፒውተር ነው፤ ሙሉ ዕቃው ከቁልፍ ሰሌዳው አይበልጥም፣ በቴሌቪዥን ነው የሚታየው፣ ጨዋታ የሚጭነው ከካሴት። አከራዬን እትዬ አስካለን "የማነው?" ብላቸው ዞር ብለውም ሳያዩት "ውሰደው" አሉኝ። ዱባይ ተራ ስልክ ስጠግን ስንት ዕቃ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያስደሰተኝ የለም። ጓደኛዬ ከቻይና ያስመጣልኝ ትንሽ ዕቃ አለ፤ የስልክ ሚሞሪ ይገባበትና ካሴቱን ይተካል። በእሱ ጨዋታ ጫንኩ። መርከብ፣ ከላይ የሚወርድ ድንጋይ፣ ጢጥ ጢጥ። ራቴን ረሳሁ።

ማክሰኞ
አብሮት አንድ ካሴት ነበር። ምንም አልተጻፈበትም፣ ክሩ ላልቷል። ድምፁን ላፕቶፕ ላይ ቀዳሁ፣ አጸዳሁ፣ ወደ ሚሞሪው ገለበጥኩ። እምቢ ሲለኝ ቆይቶ ገባ።
የተገዛ ጨዋታ አይደለም። ሰው ቁጭ ብሎ የሠራው ነው። ከላይ የሚታይ ቤት፦ ግቢ፣ በር፣ ክፍሎች። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነጭ ነጥብ ቆሟል። የትኛውንም ቁልፍ ብነካ አይንቀሳቀስም። ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ያሰማና በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ይጽፋል፦ "ማነው?"
ስሜን ጻፍኩ።
"አይደለሽም" አለኝ። እኔን ወንዱን። አጠፋሁት።

ረቡዕ
ሥራ ላይ ሆኜ ነው የገባኝ። ያ ቤት ይሄ ቤት ነው። የውሃ ቧንቧው፣ ወደ መሳለሚያ የሚያወጣው የጓሮ በር፣ የእትዬ አስካለ ክፍል፣ የኔ ክፍል፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነው። ጠባቧ ክፍል ብቻ የለችም። በሥዕሉ ላይ ከአልጋዬ ጀርባ ናት። ቤት ስገባ ግድግዳውን አንኳኳሁ። ውስጡ ባዶ ነው። አልጋዬን ጎትቼ መስኮቱ ሥር አደረግኩ።

ሐሙስ
መብራት የለም። እሰየው፣ አልከፍተውም።
እትዬ አስካለ መጡ። "ግድግዳውን ለምን አንኳኳኸው?" እውነቱን ነገርኳቸው። በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።
ጨዋታውን የሠራው ልጃቸው ሳሙኤል ነው። በደርግ ጊዜ ወጣቱ ለጦርነት ሲታፈስ እዚያ ደበቁት። አባቱ ግድግዳ አቆመለት፣ መግቢያው በኮርኒስ በኩል ነበር፣ ኋላ ተደፈነ። መርከበኛ አጎቱ ያመጣለትን ኮምፒውተርና ትንሿን ቴሌቪዥን ይዞ ገባ። ምግብ ሲያቀብሉት ያንኳኳሉ፣ እሱ "ማነው?" ይላል። አንድ ቀን አንኳኩ፤ ማነው የሚል ጠፋ። ወጥቶ ይሁን ተወስዶ፣ እስከ ዛሬ አያውቁም። ለቅሶም አልተቀመጡም።
"ሰው እንዳይሰማ ስሜን አልጠራም ነበር" አሉኝ። "'ውሃ' ነበር የምለው።"

ዓርብ
መብራት መጣ። ጨዋታውን ከፈትኩት። እትዬ አልጋዬ ላይ ተቀምጠው አዩ። ኳ ኳ ኳ። "ማነው?" "ውሃ" ብዬ ጻፍኩ።
ጠባቧ ክፍል ተከፈተች። ምንም ሳልነካ ነጥቡ ወጣ። ወደ እሳቸው ክፍል ገባ። አልጋቸው ያለበት ጋ ቆመ፣ ቆየ። ከዚያ በጓሮ በር ወጣ። ቤቱ ባዶውን ቀረ። ብጠብቅም አልተመለሰም።
"ተኝቼ ነበር ማለት ነው" አሉ እትዬ።
"ጨዋታ እኮ ነው፣ አስቀድሞ የሠራው ነው" አልኳቸው።
"አውቃለሁ" አሉ።

ቅዳሜ
ለቅሶ እቀመጣለሁ አሉ። የእድሩ ዳኛ ጋሼ መኮንን ተቸገሩ። "ማን ሞተ ብዬ ላስነግር?"
"ልጄ ወጥቶ አልተመለሰም። እንደዚያ ብለህ አስነግር።"
ጋሼ መኮንን ድንኳኑን ፈቀዱ።

እሑድ
የሳሙኤል አብሮ አደጎች መጡ። ሲኒማ ራስ ጋ ሱቅ ያላቸው፣ የሸበቱ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች። አንደኛው ሳያስበው በጓሮ በር ሲገባ እትዬ ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸውን ከፊቱ ለማንሣት ጊዜ ወሰደባቸው።
ኋላ ጠሩኝ። "ብቻውን ነው አይደል የወጣው? ማንም አልያዘውም?"
"ብቻውን ነው" አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ፣ ያየሁት ያንን ነው።
እጄን ይዘው ቆዩ፣ ከዚያ እህል ቀመሱ። ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ከሰዎቹ ጋር አድራለሁ። ክፍሌ ለመግባት ገና አልደፈርኩም።