የማረንን ስም የሰረዝኩት እኔ ነኝ

ውድ ኢንግሪድ፣

ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊነት ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። ከእንግዲህ የሚያባርረኝ ስለሌለ እውነቱን ልንገርሽ።

ከክፍለ ግዛቱ ትምህርት ቢሮ ያ ደብዳቤ የመጣ ቀን ትዝ ይልሻል? «የልዩ ፍላጎት ተማሪዎቻችሁ ከመቶ አርባ ሦስት ደርሰዋል፤ ምክንያቱ ይገለጽ» ይላል። ርዕሰ መምህራችን ቨርነን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዳርላ፣ ያሉን ተማሪዎች ሰባት! መቶ ተማሪ የት አለንና ነው ከመቶ የሚሉን?» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከሦስቱ የሃውገን እህትማማቾች አንዷን ከልዩ ፍላጎት መዝገቡ አውጪያት፤ ቁጥሩ ይውረድ።»

ትንሿን ማረንን ሰረዝኳት። ንግግሯ ካንቺ በቀር ለማንም አይገባም፤ አትከሰኝም ብዬ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ዳንሞር ግን የአራት ሰዓት መንገድ በበረዶ ነድተው መጡ።

«ተማሪዎቹን በሙሉ ማየት እፈልጋለሁ።»

«እያዩዋቸው ነው» አላቸው ቨርነን። ስድስቱ ተደርድረው ያፈጣሉ፤ ሰባተኛው ጉንፋን ይዞት ቀርቷል።

ማረን ጠጋ አለቻቸውና፣ «ቶፍያሽ ዶሎ ይመስላል» አለች።

«ምን አለች?»

«ቀስ ብለሽ፣ እንደተለማመድነው» አልሻት አንቺ፣ ምኑንም ሳታውቂ።

«ኮ... ኮፍያሽ ዶሮ ይመስላል!»

አንቺ ከደስታሽ ብዛት አጨበጨብሽ። ሴትዮዋ ኮፍያቸውን አውልቀው አዩት። መዝገቡንም አዩ።

«ይቺ ልጅ የት ነው የተመዘገበችው?»

«ሦስተኛው መስመር ላይ» አልሽ አንቺ።

መስመሩ ባዶ ነበር። ቨርነን ጣሪያውን አየ፤ እኔ ጫማዬን።

«ሰባት ልጅ ባለበት ትምህርት ቤት አርባ ሦስት ከመቶ አያስደነግጠኝም» አሉ ሴትዮዋ። «እርዳታ የሚያስፈልጋት ልጅ ስትጠፋ ግን እደነግጣለሁ። ዛሬውኑ መልሷት!»

መለስናት። ቨርነን ግን «የመምህሯ ቸልተኝነት» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈብሽ። «ምናልባት ረስቼ ይሆናል» ብለሽ ፈረምሽ። መኪናሽ ውስጥ ስታለቅሺ በመስኮት አየሁሽ። ወጥቼ ልነግርሽ ካፖርቴን ለበስኩ፤ መልሼ አወለቅኩት። ክረምቱ ሳያልቅ ለቀሽን ሄድሽ።

ትናንት ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ሁሉንም ጻፍኩ። ቨርነንም «አንቺ ብቻሽን ጀግና እንዳትባዪ» ብሎ ከስሜ ሥር ፈረመ። ማስጠንቀቂያው ከማህደርሽ ይወጣል ብለውኛል።

ማረን አራተኛ ክፍል ገብታለች። «ኢንግሪድ የት ሄደች?» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ስልክ ቁጥርሽን ሰጠኋት። ወሬ ከጀመረች አታቆምምና ቁጭ ብለሽ አንሺው። ለእኔ ይቅርታ ባይኖርሽ እንኳ እሷን አናግሪያት።

በድዬሽ ዝም ያልኩት፣
ዳርላ