ስለ አንድ መነጽር ለጠርጣራው

ውድ ጠርጣራው፣

ይህን ቅጽል ስም ያወጣሁልህ እኔ ስለሆንኩ ስጀምርበት አትቀየመኝም። አገር በእምነትህ የሚያውቅህ አንተ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእጄን ሥራ አንድ ቀን አምነህ አታውቅም። በምንም አያምንም የምባለው እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ላይ የነበረኝ እምነት ተራራ ያነሣ ነበር። ከሁለታችን ማን አማኝ ማን ከሃዲ እንደሆነ የሚፈርድ ጉባኤ ካለ ይሰብሰብና ይፍረደን።

የምጽፍልህ ከስሼህ ስለነበር ነው። ሳትሰማ፣ ሳትጠራ፣ በሌለህበት፣ በጽሑፍ፣ ለሦስተኛ ሰው ከስሼሃለሁ። ክሱን ላነሣ ነው የተቀመጥኩት። ግን ታውቀኛለህ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር ጀምሬ አላውቅም። ወንበር ሳብ።

የምታውቀውን ልንገርህ፤ ጥፋቴ ያለው እዚያ ላይ ነውና። የምንሠራው የመነጽር ክፈፍ ጠረጴዛችን ላይ ፊቱን ወደኛ አዙሮ ይቀመጣል። ስለዚህ በእኛ በግራ በኩል ያለው ቀዳዳ የባለቤቱ ቀኝ ዓይን ነው። ሐኪሙ «ቀኝ» ብሎ የጻፈውን ሌንስ በግራህ ታስገባለህ። የሁለቱ ዓይን ቁጥር አንድ ከሆነ ብትሳሳትም የሚያውቅብህ የለም። ቁጥሩ ከተራራቀ ግን ለሰውየው የሠራህለት መነጽር ሳይሆን ወጥመድ ነው። እኔ ሞርጄ፣ ገጥሜ፣ እንደ ሙሽራ ወልውዬ ሳስቀምጠው አንተ ከእጄ ትነጥቀኛለህ። አዙረህ በራስህ አፍንጫ ላይ ትሰቅለዋለህ። በጣትህ እየነካህ «ይሄ ቀኝ፣ ይሄ ግራ» ትላለህ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሌንስ መለኪያው ላይ አድርገህ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር የምታስተያየው። የአሮጊት ክፈፍ፣ የሕፃን ክፈፍ፣ ያ ጥግ ጥጉ ላይ ቢራቢሮ የነበረው ሮዝ ክፈፍ ሳይቀር አፍንጫህ ላይ ወጥቷል። በቢራቢሮው እንዳልስቅብህ ግድግዳ ግድግዳውን እያየህ «ይለፍ» ያልክበት ቀን ትዝ ይለኛል።

«አንተ በኔ አታምንም» ስልህ፣ «የሚያይ አለ» ትለኛለህ፣ ወደ ኮርኒሱ እያመለከትክ።

«አዎ፣ አንተ አለህ» እልህ ነበር።

ቀልድ መስሎህ ነበር። ለእኔም መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ስብከቱ ጠራህ። ሰባኪዎቹ «ከማያምን ጋር አንድ ቀንበር አይጠመድም» አሉህ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጠመድንበት ቀንበር መሆኑን ያን ቀን ሰማሁ። ካፖርትህን ከመስቀያው እያወረድክ፣ «አንተ ሰው፣ አንድ ቀን ትሳሳታለህ። የዚያን ቀን ለማን ልትናገር ነው?» አልከኝ። ደንበኛ ቆሞ ነበር፤ ደንበኛ ፊት ደግሞ ምላሴ ሥራ አትፈታም። «ለኮርኒሱ» አልኩህ። ደንበኛው ሣቀ፣ እኔም ሣቅኩ። አንተ ካፖርትህን ለብሰህ ወጣህ።

ስምንት ወር ሆነው። አንድ ካርድ ላክህልኝ፤ «እጸልይልሃለሁ» የሚል። አመሰግናለሁ። ጸሎቱ እስካሁን አልደረሰኝም፤ ከሱቁ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው የልብስ ሰፊዋ ኑሮ ግን ድንገት ስለተቃና አድራሻ ሳይሳሳት አልቀረም። ስለ ኑሮዬ ከጠየቅክ፣ አልጠየቅክም እንጂ፣ ወንበርህ ላይ ደንበኛ አላስቀምጥም። ስኒህን ዕለት ዕለት አጥባለሁ፤ ስላልቆሸሸ ቶሎ ይታጠባል። እሑድ እሑድ ማሳያው ሣጥን ውስጥ ያሉት ባዶ ክፈፎች ሁሉ እኔን ያያሉ። ሰው የሌለበት መቶ ሃያ መነጽር አይቶህ አያውቅም፤ እኔን አይቶኛል።

ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን ጋሼን ታስታውሳቸዋለህ? አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ የነበሩት፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን እንኳ በቀይ ካላረሙ የማይውጡት። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አዲስ መነጽር አዘዙኝ። ቀኝ ዓይናቸው ደካማ፣ ግራው ደህና፤ ቁጥሩ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ። ሠራሁ፣ ወለወልኩ፣ ለኮርኒሱ «ይለፍ» ብዬ ሰጠኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ወረዱ። ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው፣

«ልጄ፣ ይሄ ደረጃ ምን ነካው? አንዱ ይቀርባል አንዱ ይርቃል» አሉኝ።

«ይለምዱታል ጋሼ። አዲስ መነጽር እንደ አዲስ ጫማ ነው» አልኳቸው።

«ጫማ እግር ነው የሚልጥ፤ ይሄ አንጎሌን ነው የላጠኝ።»

«ሳምንት ይስጡት።»

ከአፍንጫቸው አውልቄ መለኪያው ላይ ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። መለኪያው በክንዴ ርቀት ላይ ነው። ክንዴን አልዘረጋሁም። ያን ያህል አማኝ ነበርኩ ልልህ ነው።

በአምስተኛው ቀን ደረጃው ላይ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ከሐኪም ቤት ሲመለሱ የሚረዳቸው ስለሌለ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ወደ ላይ መውጣት ጀመርኩ። እውነቱን ልንገርህ፤ ያኔ ጥፋቱ የኔ መሆኑን አላውቅም ነበር። የወጣሁት ሰው ስለወደቀ ነው፤ ትንሽም ሰው ስለናፈቀኝ። ውኃ አቀርባለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እየሰሙ፣ «እዚያ ጋ ‹በርካታ› ይላል አይደል? ስንት እንደሆነ ስለማያውቅ ነው፤ ሰርዘው» ይሉኛል። ሣቅሁ፤ ጠርጣራው፣ ከወራት በኋላ ከሰው ጋር ሣቅሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መነጽራቸው በውድቀቱ ስለጎበጠ ላቃናው ይዤ ወረድኩ። አቃናሁና ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አፍንጫዬ ላይ ሰቀልኩት። እንዳንተ በጣቴ ነካሁ። ይሄ ቀኝ። ይሄ ግራ። ከዚያ መለኪያው ላይ አደረግኩት።

ቀኙ ግራ ነበር። ግራው ቀኝ ነበር።

አሁን ስማ። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ኮርኒሱን ቀና ብዬ አየሁት፤ እርጥበት የበላው ቦታ አለ፣ ሌላ ምንም። ሁለቱን ሌንሶች አለዋወጥኳቸው። ዐሥር ደቂቃ ፈጀ። ወልውዬ ወደ ላይ ይዤ ወጣሁ። ጋሼ አጠለቁትና መስኮቱን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ተመስገን! ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ! ጸሎቴ ተሰማ!»

የቤቱ አከራይ ሾርባ ይዘው ገብተው ኖሮ፣ «እንዴት አይሰማ? እንዲህ ያለ ጻድቅ ሰው ልኮልዎት!» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ሰው ከሃዲ ነው ይለዋል እኮ! ቅናት ነው!»

ጠርጣራው፣ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ሲባል ስሰማ የኖርኩት ስለኔ ኖሯል። ሰውየውን ገፍትሬ ጥዬ፣ አንሥቼ፣ ጻድቅ ተባልኩ። ጽድቁ ቀርቶ በወጉ በኮነነኝ! ደረጃው ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ጎንበስ ይልልኛል። ልብስ ሰፊዋ የሸሚዜን ቁልፍ ተከለችልኝ፣ በነጻ። ባርኔጣዬን ሳደርግ የብርሃን አክሊሉ እንዳይጨማደድ እየተጠነቀቅኩ ነው ልልህ ትንሽ ነው የቀረኝ።

ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ለራሴ የማቀርበው ምክንያት ግሩም ነበር፦ ሽማግሌ ለምን ይናደዳል፣ አጥንቱ በመናደድ አይጠገንም፣ እኔ ደግሞ ካሳውን በጉልበቴ እየከፈልኩ ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን አንድ ነው። ከነገርኳቸው ጠዋት ጠዋት የምሄድበት የለኝም።

ያን ጊዜ «ለማን ልትናገር ነው?» ያልከኝ ጥያቄህ መጣ። አንተ ብትሆን ትንበረከካለህ፣ ታለቅሳለህ፣ ይቅር ተብለህ ትነሣለህ። አልሳለቅም፤ ቀናሁብህ። እኔ የት ልሂድ? አሰብኩት፣ አሰብኩትና የደረስኩበት ቀላል ነገር ነው፦ ደረጃው ላይ የወደቀው ኮርኒሱ አይደለም። የወደቁት ጋሼ ናቸው። ሌላ የምነግረው ቢኖረኝ ኖሮ ለእሱ ነግሬ እገላገል ይሆናል፤ ስለሌለኝ የቀሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ነገርኳቸው። ጠዋት ነበር፣ ውኃውን አስቀምጬ፣ ቆሜ። ግራና ቀኙን፣ «ይለምዱታል» ያልኩትን፣ ተደብቄ ያለዋወጥኩትን ሁሉ። ጋሼ መነጽሩን አውልቀው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ፣

«ሦስት ሳምንት ስታጥበኝ ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ስመርቅህ?»

«አውቅ ነበር ጋሼ።»

«ውጣ።»

ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ውኃ የሚያቀርቡላቸው አከራይዋ ናቸው። ደረጃው ላይ ጎንበስ የሚልልኝም የለም፤ የሸሚዜ ቁልፍ ግን አልተወሰደብኝም። ሱቁ ውስጥ ያለው ዝምታ ካንተ መሄድ በኋላ የነበረው መስሎኝ ነበር፤ ያ ለካ ግማሹ ነው።

በዐሥረኛው ቀን ለጋሼ ይቅርታ ጻፍኩ፤ አንድ ገጽ። ከበሩ ሥር አስገብቼ እንደ ሌባ ወረድኩ። እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ባልደረባዬ ጥሎኝ በመሄዱ ምክንያት ትንሽ ስህተት ተፈጠረ።» ይኸውልህ፣ ክሱ ይህ ነው። ሌላም አንድ መስመር ነበር፦ «እርስዎን ያገለገልኩት ከልቤ ነው።» እሱን ራሴ ሰርዤዋለሁ፤ ልመና መሰለኝ። ሌላ ወረቀት ላይ አልገለበጥኩትም፤ በአንድ መስመር ሰርዤ ብቻ ሰጠኋቸው።

ትናንት አከራይዋ ሱቅ ገቡ። አኩርፈዋል፤ ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዘው፣ «ይኼን ስጪው ብለውኛል። እኔ ምንም አላነበብኩም፤ ግን ‹ትንሽ› ማለትህ ነውር ነው» አሉኝና ወጡ።

ወረቀቴ ነው። በቀይ ቀለም ታርሟል። እርማቱም የዋዛ አይደለም።

«ትንሽ» የሚለው ተሰርዟል። ኅዳጉ ላይ፦ «ዳሌዬን ጠይቅ»።

«ተፈጠረ» የሚለው ተከብቧል። «ማን ፈጠረው? ይጻፍ።»

«ባልደረባዬ ጥሎኝ በመሄዱ» የሚለው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። «በሌለ ሰው አይላከክም።»

ከታች አንድ ቀስት አለ፦ «ቅሬታ ይዤ ወርጄ ነበር። ተዘልሏል፤ ይግባ።»

ከዚያ ያ ራሴ የሰረዝኩት መስመር። አንተ የማተሚያ ቤት ሰው ስላልሆንክ አታውቅም፤ እኔም ያወቅኩት ከጋሼ ነው። አራሚ አንድ ነገር በስህተት ተሰርዟል ብሎ ሲያምን፣ ከሥሩ ነጠብጣብ ያደርግና ኅዳጉ ላይ አንድ ቃል ይጽፋል። «እርስዎን ያገለገልኩት ከልቤ ነው» ከሚለው ሥር ሰባት ቀይ ነጠብጣቦች አሉ። ኅዳጉ ላይ፦ «ይቆይ»።

ይቅር ብዬሃለሁ የሚል የለበትም። ፈለግኩ፤ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ። የመጨረሻው መስመር «ታርሞ ነገ ይቅረብ፤ በእጅ» ይላል።

ስለዚህ ክሱን አነሣሁ። መሄድህ መብትህ ነበር፤ ክንዴን አለመዘርጋቴ የኔ ነው። ለማን ልትናገር ነው ብለኸኝ ነበር፤ መጀመሪያ ለሚገባው ነገርኩ፣ አሁን ደግሞ ላንተ። ኮርኒሱ እስካሁን አልሰማም።

ለጋሼ የጻፍኩትን አርሜ ገልብጬዋለሁ። አራት ጊዜ አነበብኩት። ከመውጣቴ በፊት አፍንጫዬ ላይ የምሰቅለው ቢሆን ሰቅዬ ባየሁት ነበር። ወንበርህ እንዳለ አለ፤ ስኒህም ንጹሕ ነው። አንድ ቀን በዚህ ካለፍክ ልትሰብከኝም ቢሆን ግባ፤ እየሰበክኸኝ ሁለት ሦስት ክፈፍ ታይልኛለህ።

ሦስተኛ ፎቅ ልወጣ ነው። ጠዋት ነው፣ ውኃውንም ይዣለሁ፤ ምናልባት ካስገቡኝ።

በገዛ እጁ ማመን ያቆመው
ባልደረባህ