ሳያዩ የማይመዘግቡት የጋሽ መዝገብ የሕይወት ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸውና በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ጋሽ መዝገብ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት የቤታችን ታላቅ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሲያዋልዱ ኖረው፣ እርሳቸውን ግን ያለ አዋላጅ በስፌቱ ክፍል፣ በጨርቅ ክምር ላይ መገላገላቸው በቤተሰቡ እየተነገረ ሲያስቅ ኖሯል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው በ1966 ዓ.ም. በአንድ የመድኃኒት መጋዘን በንብረት መዝጋቢነት ተቀጠሩ። በዚያ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሲያገለግሉ ሕጋቸው አንድ ነበር፤ በዓይናቸው ያላዩትን ዕቃ አይመዘግቡም። አለቃ ቢቆጣ፣ ሹፌር ቢያጉረመርም፣ ካርቶኑን ከፍተው ሳያዩ ብዕር አያነሱም። “ካርቶን ዝም ይላል፤ የሚዋሸው የጻፈበት ሰው ነው” ይሉ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የዚያው መጋዘን የስልክ ኦፕሬተር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። እርሳቸው ዕቃን ሁሉ በቦታው የሚያኖሩ፣ ባለቤታቸው ደግሞ እጃቸው በደረሰበት የሚያስቀምጡ ሆነው አርባ ስድስት ዓመት በፍቅር መኖራቸው ብዙዎችን አስገርሟል።

በ1995 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው የፊልም ማጫወቻ ገዝታ ሰጠቻቸው። በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ፣ ልጅቱ አግብታ በለቀቀችው ክፍል አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት የፊልም ሲዲ ተከማችቶ ነበር። ሽፋኑ ሠርግ ሲል ውስጡ ጦርነት ይወጣል። ለዚህ ተጠያቂዋ ማን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል፤ ባለቤታቸውም አይክዱም።

ጋሽ መዝገብ ሲዲውን ከየሽፋኑ እያገናኙ በእጃቸው ባሰመሩት ወፍራም መዝገብ ላይ ቁጥሩን፣ ርዕሱን፣ ያለበትን ጭረትና የታሪኩን ፍጻሜ ያሰፍሩ ጀመር። የመጋዘኑ ሕግ አልተለወጠም፤ እስከ መጨረሻው ያልታየ ፊልም አይመዘገብም። በሳምንት ሁለት ሦስት ፊልም ያዩ ነበር። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ገዳዩ ማን እንደሆነ በአሥረኛው ደቂቃ ይናገራሉ። የመጨረሻው ዓምድ “እሷ” የሚል ነው፤ ከሥሩ “ሳቀች”፣ “አለቀሰች”፣ “ተኛች” ተብሎ ተጽፏል። ከዕድሜያቸው ሁሉ የጣፈጣቸው ይህ ዘመን እንደነበር ደጋግመው ተናግረዋል።

በ2016 ዓ.ም. ልባቸው መድከሙን ሐኪም ነገራቸው። ሰማንያ አራት ፊልም ቀርቷቸው ነበር። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃቸው፣ እርሳቸው ከሌሉ ለባለቤታቸው ፊልም የሚመርጥ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ ቀሪዎቹ ቶሎ ታይተው እንዲመዘገቡ፣ አንድ ሲዲ እንኳ ከቤት አስወጥተው የማያውቁት እርሳቸው ለዘመድና ለጎረቤት ያድሉ ጀመር። ተረካቢው አይቶ ፍጻሜውን ይነግራቸዋል፤ “እሷን ያስቃታል ወይስ ያስለቅሳታል?” ብለውም ይጠይቁታል።

ከተረካቢዎቹ አንዱ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነበር። ቁጥር 1,171ን ወስዶ ገና በሃያኛው ደቂቃ እንቅልፍ ጣለው። በማግስቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ “መጨረሻ ላይ ይጋባሉ፤ እህቴን ያስቃታል” አላቸው። ጋሽ መዝገብ አተኩረው አዩትና አመስግነው ጻፉ። በሕይወታቸው አንዴ ማንም ያላየውን አስመዘገብኳቸው ብሎ ወንድምየው ወራቱን ሙሉ ሲጸጸት ከረመ።

ጋሽ መዝገብ ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሳ በኋላ፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ከባለቤታቸው ጎን በተቀመጡበት ወንበር ላይ አረፉ። በማግስቱ ወንድምየው ጥፋቱን ሊያርም መዝገቡን ገለጠ። ከቁጥር 1,171 ትይዩ በእርሳስ እንዲህ የሚል የእጅ ጽሑፋቸው ይነበባል፦ “አልታየም። ተኝቶ ነበር። እኔ ስሄድ ከእህቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይየው።”

ጋሽ መዝገብ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ተለይተውናል። ወንድምየውም ፊልሙን ከእህቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ሳይከድን እስከ መጨረሻው ሊያየው በእናንተ ፊት ቃል ገብቷል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ የቀረችውንም ብቻዋን አያስቀምጥብን።