ቀይና አረንጓዴ አንድ የሆኑባቸው የአቶ ኤልሳዕ ዳልጮ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኤልሳዕ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ ባዳቾ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩነሽ ሳና በ1957 ዓ.ም. በቦዲቲ ተወለዱ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር፤ ጣጣው የጀመረው ቡና ለቀማ ላይ ነው። ቀዩን ልቀም ሲባሉ ጥሬውን ቀላቅለው ስለሚመጡ ልጅነታቸው «ሰነፍ» እየተባሉ አለፈ።

በነርስነት ተመርቀው በ1981 ዓ.ም. በቤሌ ከተማ ሥራ ጀመሩ። ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ፣ ሐኪሞች ከለር ብላይንድ የሚሉት ዓይነት ሰው መሆናቸውን ያወቁት በተማሪነታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኛቸው ሁሉ ልብሱን እየጎተተ «ይሄስ ምን ቀለም ነው?» እያለ አሰልችቷቸዋል። በ1985 ዓ.ም. ወ/ሮ ብሩክታይት ታምራትን ሲያገቡ እንኳ ሚዜዎቹ የሙሽራዋን አበባ እያሳዩ ጠይቀዋቸዋል። ኧረ ሰው! ከዚህ ትዳር ህብረትንና ይስሐቅን አፍርተዋል።

ወንድማችን መሥሪያ ቤታቸውን አጥብቀው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሕፃናት ክንድ የሚለካበት ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጥብጣብ በቀለሙ ላይ ጽሑፍ ይጨመርበት። ቀዩ ሕፃኑ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ቀዩን አረንጓዴ ብሎ ያነበበ ሰው ሊሞት የደረሰ ልጅ ወደ ቤቱ ይሰዳል። ማን ሰምቶ! አንድ ጊዜ እንደ እርሳቸው ቀለም የማይለይ ባልደረባቸው አንዲትን እናት «ልጅሽ ደህና ናት» ብሎ ሲያሰናብት፣ እርሳቸው ጥብጣቡ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን የሴንቲ ሜትር ቁጥር አይተው ሕፃኗን ሆስፒታል ላኳት፤ ተረፈች። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሰምቶ ምን አደረገ? አዲስ ጥብጣብ አሳተመ፤ ቀዩንም አረንጓዴውንም አድምቆ! «አሁንስ ይታይዎታል?» አሏቸው። የድምቀት ጉዳይ አይደለም ብሎ ማስረዳት ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ቢቸግራቸው ወ/ሮ ብሩክታይት ቀለሙን እየነገሯቸው ራሳቸው በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ ንብረት አበላሹ ተብለው ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው።

በኩላሊት ሕመም ሶዶ ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። አልጋ ላይ ሆነውም «ጻፉበት ወይ?» ይሉኝ ነበር፣ እኔን ታናሽ እህታቸውን ሶፊን። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና እኛ እህት ወንድሞቻቸው ኀዘናችን መሪር ነው።

ትናንት ከመሥሪያ ቤታቸው የአበባ ጉንጉን መጥቷል፤ እናመሰግናለን። ሪባኑ አረንጓዴ ነው፤ ጽሑፉ ቀይ። ወንድማችን ቢኖሩ አይታያቸውም ነበርና እኔ ላንብብላቸው፦ «አንረሳዎትም» ይላል።

ጌታ ነፍሳቸውን በዕቅፉ ያሳርፍ፤ ለእኛም ልብ ይስጠን። አሜን።