መቁረጥ ክልክል ነው

ጥቅምት 3

ዛሬ አዲስ ነገር የለም። ቢሮ ገባሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ የታችኛው ጋራዥ መዶሻውን ጀመረ፣ መስኮቱን መልሼ ዘጋሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ «አውሬ» ከምትል ቃል ጋር ስንታገል ዋልን።

የደንና የዱር እንስሳት ጥበቃ ደንብ እያረቀቅን ነው። እኔ የሕግ ቋንቋ አርታዒ ነኝ፤ ያንዱን ቃል ትርጉም ሳበጥር ነው የምውለው። ባዮሎጂስቷ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። እሷ እንስሳቱን፣ እኔ ቃላቱን እናውቃለን እንላለን… ሁለታችንም እናጋንናለን። «አውሬ ስትይ ነብር ይመጣል እንጂ ድኩላ አይመጣም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ድኩላን አውሬ ብሎ የሚጠራ ማን አለ? «የዱር እንስሳ» ተባለ። አለቃችን በሩ ላይ ቆመው «አለቀ፣ ደቀቀ!» አሉ። አራት ነጥብ ያልናቸው ለዚሁ ነው፤ ክርክር ሁሉ እሳቸው ጋ ሲደርስ ይዘጋል። ፊታቸው ግን አንልም።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። «አውሬ ከሕግ ከወጣ እናቴ እኔን በምን ልትጠራኝ ነው?» አለ።

ጥቅምት 5

«ጥብቅ ደን» ወይስ «የተጠበቀ ደን»? የተጠበቀ ሲባል አንዴ ተጠብቆ ያበቃለት ይመስላል። ጥብቅ ይሻላል። ባሌ አስተማሪ ነው፤ ጥብቅ ሲባል የሚታየው ዲሬክተሩ ብቻ ነው።

ጥቅምት 9

ጥሩ ቀን!

የክልከላው አንቀጽ አስቀያሚ ነበር። ዛፍ መቁረጥ፣ መገንደስ፣ መመልመል፣ ቁጥቋጦ መመንጠር፣ ሐረግ መበጠስ፣ ሣር ማጨድ… እስከ ገጹ ግርጌ ይወርዳል። ደግሞ አንዱን ከረሱት በዚያች ቀዳዳ ሰው ይሾልካል። አሰብኩ አሰብኩና በአንድ መስመር ጨረስኩት፦ «በጥብቅ ደን ክልል ውስጥ ማንኛውንም ነገር መቁረጥ ክልክል ነው።»

አራት ነጥብ ደጋግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «ሕግ ማለት እንዲህ ነው» አሉ። እሳቸው ሰው ሲያመሰግኑ ሰምቼ አላውቅም። ደስታዬ ልክ አጣ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እያዘገምኩ ገባሁ።

ጥቅምት 12

አባባ ደወሉ።

«ደህና ነሽ ወይ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባባ። እርስዎስ? ጉልበትዎ እንዴት ነው?»

«ዛፍ እስከወጣ ድረስ ምን ይሆናል ብለሽ።»

ሰባን አልፈው ዛፍ ይወጣሉ። ተቆጥቼ ተቆጥቼ ትቼዋለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከቤት የሚያስወጣቸው እነዚያ ቀፎዎች ብቻ ናቸው። «ማሩ ደርሷል፤ በቅርብ እንቆርጣለን። ትመጫለሽ አይደል?» አሉኝ። «እመጣለሁ» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ። እቃ ላጥብ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

ከዚያ ሳህኑን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እንቆርጣለን… ማር ምን ይደረጋል? ይቆረጣል። የአባባ ቀፎዎች የተሰቀሉት የት ነው? ከመንደራቸው አጠገብ ያለው ጥብቅ ደን ውስጥ። እኔስ ምን ብዬ ጻፍኩ? ማንኛውንም ነገር። ወይ ጉድ! በገዛ እጄ!

ጥቅምት 13

አራት ነጥብ ጋ ገባሁ። ገና ስጀምር ሳቁ።

«ማርን ዛፍ ነው የሚል ማን አለ?»

«ዛፍ አላልንም እኮ። ማንኛውም ነገር ነው ያልነው።»

«ጤነኛ ሰው ይገባዋል። አለቀ።»

ለእሳቸው አለቀ። ለእኔ አላለቀም። ጤነኛ ሰው ሁሉ የሚገባው ቢሆን ኖሮ እኔ ምን ልሠራ ነው የምቀጠረው?

ጥቅምት 16

የደን ጥበቃዎቹ ኃላፊ ለምክክር መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጫማው ጭቃ። ሻይ ሰጠነውና ጠየቅኩት፤ ይህ አንቀጽ ቢወጣ ደን ውስጥ ማር የሚቆርጥ ሰው ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?

«ይዤ አመጣዋለኋ።»

«ማር ነው እኮ!»

«እህቴ፣ መቁረጥ ክልክል ነው ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ዛሬ አንዱን ባልፈው ነገ መጥረቢያ የያዘው "እሱን ለምን አለፍከው?" ይለኛል።»

አራት ነጥብ ሰሙት። ቆመው ነበር፤ ተቀመጡ። «በይ አስተካክዪው» አሉኝ። እፎይ። ሰውዬው ልክ ነው፤ ግን በሐሳቤ አባባን ከፊቱ አስቀድሞ ሲያመጣቸው አየሁና ሻዬን መጠጣት አቃተኝ።

ጥቅምት 18

«ከማር በስተቀር» ብዬ ጨመርኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ባዮሎጂስቷ አየችው።

«ቀፎ የሌለውስ? ግንድ ውስጥ ያለ ማር ፍለጋ ዛፉን የሚጥለው? እሳት የሚለኩሰው? ማር እየቆረጥኩ ነው ይልሻል።»

ተናደድኩባት። ምን አጠፋች? ምንም። ደኑን እያሰበች ነው። እኔ ደግሞ የማስበው አባቴን ብቻ ነው… ደንብ እየጻፍኩ ነው ወይስ ለአባባ ጉዳይ እየገደልኩ? ለአራት ነጥብ መንገር አለብኝ።

ጥቅምት 19

ነገርኳቸው። «አባቴ እዚያ ደን ውስጥ ማር ይቆርጣሉ።»

እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። ከዚያ «እንግዲያ ይህን አንቀጽ አትነኪውም» አሉና ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ።

ትክክል ናቸው። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ግን አንጀቴ አረረ። አጭር ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው፤ እንዳለ ቢተዉትስ? ባዮሎጂስቷ ምንም ሳትለኝ ብስኩቷን ግማሽ ቆርሳ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ።

ማታ ወደ አባባ ደወልኩ። ሕጉ እስኪለይለት አይቁረጡ አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ንቦቹ ይበሉታል እንጂ የትም አይሄድም። ልጄን ቢሮዋ ላይ አላሳፍርም» አሉ። ለባሌ ስልኩን ሰጥቼ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ጥቅምት 22

አራት ነጥብ እየጻፉ ነው። ወረቀት ሲቀዳድዱ በግድግዳው ይሰማኛል።

ጥቅምት 24

ባዮሎጂስቷንና የጥበቃ ኃላፊውን አስጠሩ። እኔን አላስጠሩም። በሩ ተዘጋ። ጆሮዬን ብቀስር «ጭስ…» «ግንዱ…» «ቀፎው ከሆነማ…» ብቻ። ስትወጣ ባዮሎጂስቷን አየኋት። «አትጠይቂኝ» አለች። ፊቷ ግን አልጠቆረም። ወይስ እኔ ነኝ የፈለግኩትን የማነበው?

ጥቅምት 26

ረቂቁን የሚመረምረው ኮሚቴ ስብሰባ። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። አራት ነጥብ ተነሥተው አነበቡ፦

«ማር መቁረጥ እንደ መቁረጥ አይቆጠርም፤ ሆኖም ማሩን ለማግኘት ዛፉ የተቆረጠ ወይም የተቃጠለ እንደሆነ እንደ መቁረጥ ይቆጠራል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢዋ ራሳቸው እንባቸውን እየጠረጉ «ምን ማለት ነው? መቁረጥ መቁረጥ አይደለም?» አሉ። ሁልጊዜ በአንድ ቃል የሚዘጉት ሰውዬ ግን አልዘጉም። ስለ ቀፎው ተናገሩ፣ ስለ ግንዱ ተናገሩ፣ ሕዝቡ ማር ይቆረጣል እያለ ሕጉ ሌላ ቃል ቢፈጥር ማንም እንደማይገባው ተናገሩ። «ቃሉን ከሰው አፍ አንቀማም፤ እኛ እንጠንቀቅ እንጂ» አሉ። ሳቁ ቆመ። እጅ ወጣ። አለፈ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ደረስኩባቸው። «አመሰግናለሁ ጋሼ» አልኩ። «ለአባትሽ አይደለም የጻፍኩት» አሉኝ። «አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የማመሰግንዎት።» ፈገግ አሉ፣ ወይም መሰለኝ። የሚገርመው፣ እኔ ብጽፈው ይህን ያህል አላሳምረውም ነበር። ቅር አላለኝም። ትንሽ ብቻ።

ጥቅምት 27

ለአባባ በስልክ አነበብኩላቸው።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት።

«እና ዕድሜ ልኬን የቆረጥኩት ምን ነበር ሊሉኝ ነው?»

«ማር ነው አባባ፤ ግን አልቆረጡም።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ለጎረቤቱ ሲጮሁ ይሰማኛል፤ «ና ስማ! አልቆረጥክም ተባልኩ!» ደንቡ እስኪጸድቅ ግን አሁንም እጠብቃለሁ አሉ። ከኔ የባሱ ጥብቅ እሳቸው ናቸው።

ኅዳር 21

ደንቡ ባለፈው ሳምንት ጸደቀ። ዛሬ አባባ ጋ ነኝ። ይህን የምጽፈው እጄ እየተጣበቀ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደኑ ገባን። ባሌ መሰላሉን፣ እኔ ባልዲውን። ስለዚህ ደን ስንት ገጽ ጽፌያለሁ፤ ከልጅነቴ ወዲህ ግን ገብቼበት አላውቅም። ይሸታል… እርጥብ ነገር፣ ጥሩ ነገር። አባባ ጭሱን ይዘው ዛፉ ላይ ወጡ። ከታች ሆኜ መሰላሉን ጨበጥኩ፤ ንብ ጆሮዬ ላይ ስትዞር እንኳ አልለቀቅኩም። ባሌ ብዙ ርቆ ቆሞ ያበረታታናል።

ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ዞር አልኩ። የደን ጥበቃ ነው፤ ዱላ የያዘ ጎልማሳ፣ አላውቀውም። ሕጉን አብሬ አርቅቄ፣ ሲጸድቅ ዓይኔ አይቶ፣ ባልዲውን ግን በእግሬ ወደ ኋላዬ ገፋሁት። ጭሱን አየ። መሰላሉን አየ። ወደ ላይ ቀና አለ።

«አባት! ምን እየቆረጡ ነው?»

አባባ ሳይዞሩ፣ እንደ ወትሮው ጮክ ብለው፣ «ማር!» አሉት።

ዱላውን ዛፉ ላይ አስደገፈና መሰላሉን በሌላው በኩል ያዘልኝ።

«ማር ከሆነስ አይቆጠርም» አለ። «ይቁረጡ!»