ዘጠና ያልኩት ወገብህ

ውድ መኳንንት፣

እንደ ልማዱ «ጤናህ እንዴት ነው?» ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ፤ የምጽፍልህ ስለ እሱው ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከመሐል ሜዳ ስትደውልልኝ ሱሪ እየተኮስኩ ነበር። ጤና ጣቢያ ሆነህ የስልኩን ድምፅ ለቀህልኝ፣ ነርሷ ሲስተር የትምወርቅ ስትናገር ሰማኋት።

«ስኳር ገና አልያዘዎትም፤ ድንበሩ ላይ ነው ያሉት። የሚያሳስበው ግፊቱም፣ የደም ቅባቱም፣ የወገብዎ ውፍረትም ተያይዘው መምጣታቸው ነው። አሁን ከተጠነቀቁ ይመለሳል።»

«ወገቤን እንኳ ተይው!» አልካት። «ስድስት ዓመት ሙሉ ዘጠና ነው። መቶ ዘጠኝ ያልሽው ሜትርሽ ቢሳሳት ነው። ልብስ ሰፊዬ ይመስክር። ይሥሐቅ፣ ስንት ነኝ?»

«ዘጠና» አልኩ።

ለሁለተኛው ምርመራ ጾመህ እንድትመለስ ስትለምንህ ስቀህባት ወጣህ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ፈዝዤ ካውያው የሰው ሱሪ አቃጠለብኝ።

እንግዲህ እውነቱን ስማ። ዘጠና የነበርከው የግብርና ሠራተኛ ሆነህ ከቀበሌ ቀበሌ በእግርህ ስትዞር ነው። መሐል ሜዳ ተዛውረህ ወንበር ላይ በተቀመጥክ በዓመቱ ሞላ ብለህ ሞላሌ ሱቄ መጣህ። ስለካህ ዘጠና ስድስት! ጮክ ብዬ ልናገር ስል አብረውህ የመጡት እናትህ እማማ አልጣሽ ክንዴን ቆነጠጡኝ። አንተ ስትወጣ፣ «አንተ ልጅ፣ በግ እንኳ ቁጥሩ ለሰው አይነገርም፤ ዓይን ይገባበታል። ዘጠና በልልኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ከኋላ ትርፍ ጨርቅ እየለቀቅኩ፣ ላስቲክ እየደበቅኩ፣ አፌ ዘጠና ይላል። ደብተሬ ላይ ግን መቶ ሁለት፣ መቶ አምስት፣ መቶ ዘጠኝ ተብሎ ተጽፏል። የነርሷ ሜትር አልተሳሳተም። «እጅህ ይባረክ፣ ልክክ አለ!» ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የልብስ ሰፊ ሥራ ሰውን ማሳመር ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። አሁን አፍሬአለሁ። ከማፈሬም በላይ ፈርቻለሁ። አባትህን ጋሼ ፈንታን ስኳር ዓይናቸውን ሲወስድባቸው፣ እጃቸውን ይዘን ቤተ ክርስቲያን የምናደርሳቸው እኔና አንተ ነበርን።

ትናንት እማማ አልጣሽ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይለቅሙት የነበረውን ገብስ ወደ ጎን አደረጉት።

«ለካ ሳይቆጠርም የሚጠፋ በግ አለ» አሉ። «በል ቁጠርልኝ።»

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ተመለስ። «ጾመህ ና» ማለት ደግሞ ሥጋና ወተት ትተህ ና ማለት አይደለም። አውቅሃለሁ፤ በሶህን በጥብጠህ ግጥም አድርገህ «ጾመኛ ነኝ» ትላታለህ። ከውኃ በቀር ምንም አትቅመስ። እኔም ሳልቀምስ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ፤ አብረን እንለካለን።

ለልጅህ ሠርግ ያዘዝከው ሱሪ ተቆርጧል፤ ወገቡን ግን አልሰፋሁትም። ሞላሌ ስትመጣ ሱቄ በር ላይ አቁሜ እለካሃለሁ። ቁጥሩንም ገበያተኛው እየሰማ፣ እናትህም እየሰሙ፣ ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ።

እየዋሸ ሲያሳምርህ የኖረው ወንድምህ፣
ይሥሐቅ